ደን ከተቃጠለ በኋላ የመሬት ነፍሳት እንዴት እንደሚመለሱ

በማሻና በአካባቢዋ ያለው የሸካ ደን ዝናም ስለሚበዛለት እሳት በቀላሉ አይደፍረውም። ዩኔስኮም በ2004 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ፥ ድርቅ ሲጸና ተራራ ላይ ያለ ርጥብ ደን እንኳ እንደሚነድ አስረድቷል። በበጋ ማር ቆራጭ የጣለው ችቦ ወይም ለእርሻ የተጫረ እሳት ለዚህ ይበቃል።

ደን ሲቃጠል ሰው የሚያዝነው ለዛፉ ነው። ይሁን እንጂ ዛፉን የሚመግቡት ከበታቹ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። ጢንዚዛ፥ ቀንድ አውጣና ብዙ እግር ያላቸው ትሎች የወደቀውን ቅጠል ያደቃሉ፤ የመሬት ትልም አፈሩን እየበሳ ውኃና አየር ያስገባል።

እሳት በቶሎ ያለፈ እንደ ሆነ በቅጠሉ ውስጥ የነበሩት ያልቃሉ፤ በጥልቅ ያሉት ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ርጥብ አፈር ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይሞቅም፤ ሙቀቱም ወደ ታች በወረደ መጠን ይቀንሳል። ታላቅ ግንድ ለረጅም ሰዓት የነደደበት ስፍራ ግን በጥልቁም ያሉት ይሞታሉ።

ከእሳቱ በኋላ አስቀድመው የሚታዩት በጕድጓድ የተረፉት ጕንዳንና ምስጥ ናቸው። ክንፍ ያላቸው ጢንዚዞችም ከሩቅ በርረው ይመጣሉ። ቀንድ አውጣና የመሬት ትል ግን በዝግታ የሚሄዱ ስለ ሆኑ ሳይቃጠል ከቀረው ደን ጥቂት በጥቂት ይመለሳሉ፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። አዲስ ቅጠል ወድቆ መሬቱን እስኪያለብስም ድረስ ማደሪያና ምግብ አያገኙም። እነርሱ ሳይመለሱ ሁለተኛ እሳት ቢገባ የተረፈው ዘር ይጠፋል፤ አፈሩም ይደክማል፥ በጎርፍም ይታጠባል።

ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች በተቃጠለ ደን ዳግመኛ እሳት እንዳይጫር፥ የወደቀ ግንድ እንዳይለቀም፥ በመካከሉ ሳይነድ የቀረውም እንዳይመነጠር ቢመክሩ መልካም ነው።

መምህርም ተማሪዎቹን ይዞ ከተቃጠለውና ካልተቃጠለው ስፍራ በርዝመትም በወርድም በጥልቀትም አንድ ስንዝር የሆነ አፈር ያስቈፍር። በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው በውስጡ ያገኟቸውን ነፍሳት በየዓይነታቸው ይቍጠሩ፤ ቍጥሩንም ይጻፉ። በየዓመቱ በዚያው ወር ቢደግሙት የመሬቱን ማገገም በዓይናቸው ያያሉ።