ቴስት ሲወድቅ ውጤቱ የት ይገባል?

ቦታው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። ጠያቂው ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ የሶፍትዌር ተማሪ፣ መላሹ በሙያው የሸበቱ አጎቱ ናቸው።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ የፈረንጁን ቀን ወደኛ የሚቀይር ኮድ አለኝ። ጊትሃብ ላይ በጫንሁት ቁጥር ቴስቶቹ በራሳቸው ይሮጣሉ። ትናንት ቀይ ሆነ፤ የቴስቱ ውጤት ግን የለም።

አጎት፦ ውጤቱን የሚያስቀምጠው ደረጃ የት ነው?

ተማሪ፦ ከቴስቱ ቀጥሎ።

አጎት፦ ነገሩ እሱ ነዋ! አንዱ ደረጃ ሲወድቅ ደረጃዎቹን በተራ የሚያስኬደው ፓይፕላይን ተከታዮቹን ይዘላል። እንግዲህ ሲያልፍ ይቀመጣል፣ ሲወድቅ ይጠፋል፤ የምትፈልገው ደግሞ የወደቀ ቀን ነው። የማስቀመጫው ደረጃ ላይ «ኢፍ ኦልዌይስ» ጨምርበት። በጊትሃብ ፋንታ ጄንኪንስ ብትጠቀምም «ፖስት» ውስጥ «ኦልዌይስ» አለልህ።

ተማሪ፦ ቴስቱ ቢወድቅም ዝም ብሎ እንዲያልፍ ባደርገውስ?

አጎት፦ ተው! ያኔ የተበላሸ ኮድ አረንጓዴ ለብሶ ይወጣል። ውጤቱ ይቀመጥ፣ የወደቀውም ወደቀ ይባል።

ተማሪ፦ የማስቀምጠው ስክሪኑ ላይ የሚወርደውን ሁሉ ነው?

አጎት፦ እሱም ይኑር፤ ዋናው ግን የጁኒት ኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ጁኒት የጃቫ ነው፤ የፓይተኑ ፓይቴስትም በዚያው ቅርጽ ይጽፍልሃል። የቴስቱ ስም፣ የፈጀው ሰከንድ፣ የወደቀበት ምክንያት ይሰፍርበታል። «ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፦ የተጠበቀው ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ የተገኘው መስከረም 1 ቀን 2016» ቢልህ ምን ትረዳለህ?

ተማሪ፦ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት መሆኗን ኮዱ አያውቅም። ግን የአንድ ቀን ልዩነት ናት።

አጎት፦ ዓመቱን አሻገረህ እኮ! ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ስርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ በኛ አቆጣጠር ይሠራል። እንዲህ ያለ ስርዓት ላይ ቢሆን የጳጉሜን 6 መረጃ በአዲሱ ዓመት ቀን ይመዘገባል።

ተማሪ፦ ውጤቱን ማሳተምም አለበት ይላሉ፤ ካስቀመጥሁት ታዲያ ማሳተሙ ለምን?

አጎት፦ የተቀመጠ ፋይል አውርዶ የሚከፍተው ይፈልጋል፤ ጊትሃብም ካልቀየርኸው በ90 ቀን ያጠፋዋል። ሲታተም ስንቱ እንዳለፈ፣ የትኛው ከመቼ ጀምሮ እንደወደቀ ባልደረቦችህ ሁሉ በሰንጠረዥ ያዩታል። ኔትወርክ ሲደክም ሰንጠረዡ ይከፈታል፣ ትልቁ ፋይል ግን አይወርድም። ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚወድቅ አንዴ የሚያልፍ ቴስትም የሚጋለጠው ውጤቶቹ ሲደራረቡ ነው። ጄንኪንስ በጁኒት ፕለጊኑ፣ ጊትላብ ደግሞ ራሱ ያሳዩሃል፤ ጊትሃብ ላይ ፋይሉን የሚያነብ ተጨማሪ አክሽን ያሻሃል።

ተማሪ፦ አረንጓዴ ካየሁ ልመን?

አጎት፦ መጀመሪያ ቁጥሩን እይ። አንድም ቴስት ካልሮጠ የሚወድቅም የለም። የትናንቱ ፋይል ሳይጠፋ ቀርቶ የዛሬ መስሎ እንዳይታተምም ቴስቱ ከመሮጡ በፊት የውጤቱን ማህደር አጽዳ። የሚታተመውን ብዙ ሰው ስለሚያየው የይለፍ ቃልና የእውነተኛ ሰው መረጃ አይግባበት።

ተማሪ፦ መሥራቱን በምን አረጋግጣለሁ?

አጎት፦ አንድ ቴስት ሆን ብለህ ጣል። ቀዩ ከነምክንያቱ ከታየህ ተሳክቶልሃል፤ ካልታየህ ወደ ሥራህ ተመለስ።