የትኛው ፕሮግራም ይቅደም? የክፍት ሶፍትዌር ትርጉም ከነገሌ ቦረና ሲታይ

ክፍት ሶፍትዌር የምንለው ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ወደ ራሱ ቋንቋ ሊመልሰው የሚችል ፕሮግራም ነው። እንደሚታወቀው ፕሮግራሞቹ እጅግ ብዙ፣ በጎ ፈቃደኛ ተርጓሚዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ «እንዴት እንተርጉም?» ከማለት በፊት «የትኛውን እናስቀድም?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ነገሌ ቦረናን፣ ያቤሎንና ሞያሌን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

የመጠን ስሌት

ጀማሪ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ስሙ የገነነውን ፕሮግራም ነው። አምስት ተርጓሚዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት 40 ሐረግ ይተረጉማሉ እንበል፤ ድምሩ 200 ነው። 1,000 ሐረግ ያለው ፕሮግራም በ5 ሳምንት ያልቃል። 30,000 ሐረግ ያለው ግን 150 ሳምንት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ትልልቅ የቢሮ ፕሮግራሞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሐረግ አላቸው። ግማሹ ተተርጉሞ ግማሹ በእንግሊዝኛ የቀረ ምናሌ ደግሞ ተጠቃሚውን ከሁለት ያጣ ያደርገዋል። የግኖም ፕሮጀክት አንድን ቋንቋ በተደገፉት ቋንቋዎች ዝርዝር የሚያስገባው ቢያንስ 80 በመቶው ሲተረጎም መሆኑም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ በታች ያለው መሠረት

ከፕሮግራሞች ሥር የወራትና የቀናት ስም፣ የቁጥርና የሰዓት አጻጻፍ የሚመዘገብበት የቋንቋ መረጃ አለ። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ብዙ ፕሮግራሞች ከእርሱ ይቀዳሉ። የዩኒኮድ ማኅበር ይህን መረጃ በአንድ የጋራ መዝገብ ይይዛል፤ አንድሮይድ ስልኮችም ይጠቀሙበታል። በሊኑክስ አፋን ኦሮሞ ለኢትዮጵያና ለኬንያ ተለይቶ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሥራው ድንበር ለሁለት ለከፈላት ለሞያሌ በሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

በዚህ መሠረት ላይ የሚፈጠር አለመግባባት ምን ያህል እንደሚጎዳ አንድ ቃል ያሳየናል። በመደበኛው የአፋን ኦሮሞ የወራት አጠራር «ሀገያ» የእንግሊዞቹ ኦገስት፣ በግምት ነሐሴ ነው። በቦረና ግን ሀገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር አካባቢ ያለው የአጭሩ ዝናብ ወቅት ነው። አንድ አርብቶ አደር «ዝናቡ የቀረው በሀገያ ነው» ቢልና ስልኩ ላይ «ሀገያ» የሚል ወር ቢመረጥለት፣ የሚመዘገበው ነሐሴ ነው። ነሐሴ በቦረና ድሮም ደረቅ ነው። እንግዲህ የከሸፈው ወቅት ከመረጃው ይጠፋል፤ በቦታው የሚታየው እንደ ወትሮው የደረቀ ወር ብቻ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ባለቀበት አገር ይህ ተራ የቃላት ጉዳይ አይደለም።

ማያ ገጹን የሚያነበው ማን ነው?

ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያ የአንባቢው ማንነት ነው። የጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ 2 የሚከፍቱት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ኦዲኬ ኮሌክት በተባለው ክፍት ፕሮግራም የሚሞላ ቅጽ ግን ጥያቄው ለተጠያቂው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ፕሮግራሙ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ መልሱንም ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። አንዱን ቅጽ በበርካታ ቋንቋዎች መያዝም ይችላል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ መዝጋቢ በቃሉ ስለሚተረጉም፣ አሥር መዝጋቢዎች አሥር የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ቁልፎች ይልቅ የቅጹ ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው።

እዚህ ላይ «ትርጉም» ስንል አማርኛን ብቻ ማለታችን አይደለም። በነገሌ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይነገራሉ። የአማርኛ ሥራ የፊደል ገበታ ጉዳይ ይጨመርበታል፤ ሁለቱ ግን በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ይህ ችግር የለባቸውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ የወራት፣ የወቅትና የሰዓት መረጃው ከአካባቢው ሰው ጋር ይታረም። ሁለተኛ፣ ለሕዝብ የሚነበቡ ቅጾች ይተርጎሙ። ሦስተኛ፣ እንደ ኦስማንድ ካርታ ያለ ኔትወርክ የሚሠሩ የስልክ ፕሮግራሞች ይከተሉ። ትልልቆቹ የቢሮ ፕሮግራሞች በአራተኛነት ይምጡ። ከቆላው የመጣችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ የመጀመሪያውን ሥራ ከእናንተ የተሻለ የሚሠራ የለም። ለዕረፍት ስትመለሱ የስልካችሁን የወራት ዝርዝር ለሽማግሌዎች አንብቡላቸው፤ ያረሟችሁንም ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ።