ጥምር መንግሥት ምን ማለት ነው? የኬንያው ግማሽ ዳቦ

ሁለት ገበሬዎች አንድ አንድ በሬ አላቸው እንበል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ይቀናጃሉ። መቀናጆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ የጣለ ዕለት ታዲያ ጥያቄ ይነሣል። መጀመሪያ የማን ማሳ ይታረስ? ገለባውን ማን ያቅርብ? አንዱ በሬ ቢሰበርስ? በዚህ ሁሉ አስቀድመው ያልተስማሙ ቅንጃዎች እርሻው ሳይጋመስ ይጣላሉ።

ጥምር መንግሥት የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በምርጫ አንድ ፓርቲ ብቻውን መንግሥት ለማቆም የሚበቃ ድምፅ ሲያጣ፣ ወይም የምርጫው ውጤት ራሱ ሲያጣላ፣ ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ፓርቲዎች ተቀናጅተው በአንድነት ያስተዳድራሉ። ችግሩ የሚመጣው ሥልጣኑን ሲካፈሉ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከሞያሌ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ኬንያ ያለፈችበትን እንመልከት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ታኅሣሥ 17 ቀን 2000 ዓ.ም. ኬንያውያን ፕሬዚዳንትና የምክር ቤት አባሎች መረጡ። ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች በሥልጣን ላይ የነበሩት ምዋይ ኪባኪና ተቃዋሚው ራይላ ኦዲንጋ ነበሩ። በምክር ቤቱ የኦዲንጋ ፓርቲ ከሁሉም የበለጠ ወንበር አገኘ። በፕሬዚዳንትነቱ በኩል ግን የምርጫ ኮሚሽኑ ኪባኪ በ230,000 ያህል ድምፅ በልጠዋል ብሎ ታኅሣሥ 20 ቀን አስታወቀ። ኪባኪም በዚያው ምሽት ተቻኩለው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ኦዲንጋ ድምፃችን ተሰርቋል አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው እጅግ የሚያሳዝን ነው። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። በሪፍት ቫሊ ክፍለ ሀገር የብዙ ገበሬ ቤትና ጎተራ ነደደ። ምርጫው ክብሪቱ ነበር እንጂ እንጨቱ ቀድሞ ተከምሮ የቆየ የመሬት ቂም ነው።

በመጨረሻ በቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በኮፊ አናን ሸምጋይነት ሁለቱ ሰዎች የካቲት 20 ቀን 2000 ዓ.ም. ተፈራረሙ። ኪባኪ ፕሬዚዳንት ሆነው ይቆያሉ፤ ለኦዲንጋ ደግሞ አዲስ የጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ይፈጠራል። ከየወገኑ አንድ አንድ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ይሾማል። ሚኒስቴሮቹም ፓርቲዎቹ በምክር ቤት ባላቸው ብዛት መጠን ይከፋፈላሉ። ሕዝቡ ይህንን መንግሥት በስዋሂሊ «ኑሱ ምካቴ» አለው፤ ግማሽ ዳቦ ማለት ነው።

ዳቦው ግን እንዴት ይቆረስ? ፊርማው ከደረቀ በኋላ የሚኒስትሮቹ ስም እስኪታወቅ ከስድስት ሳምንት በላይ ፈጀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሚኒስቴር ሁሉ እኩል አይደለም። ለም መሬትና ድንጋያማ መሬት በጥማድ እኩል ቢሆኑ በምርት እኩል ናቸው እንዴ? የገንዘብ ሚኒስቴር የመንግሥቱን ካዝና ይይዛል። የአገር ውስጥ ጸጥታውን የያዘ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ጀምሮ እስከ ቀበሌ ሹም ድረስ ያዝ ነበር። ስለዚህ የኦዲንጋ ወገን «በቁጥር ግማሽ ሰጥታችሁን ዋና ዋናውን ልታስቀሩ ነው» ብሎ ተከራከረ። የኪባኪ ወገን ደግሞ አልለቅም አለ። ሚያዝያ 5 ቀን ሲታወጅ ገንዘቡም፣ ጸጥታውም፣ መከላከያውም፣ ውጭ ጉዳዩም በኪባኪ ወገን ቀረ። ኦዲንጋ እርሻን፣ መሬትን፣ የአካባቢ አስተዳደርንና ሌሎችንም አገኙ።

ሁሉንም ለማስደሰት የሚኒስትሮቹ ቁጥር 40 ደረሰ፤ ከ50 የሚበልጡ ረዳት ሚኒስትሮችም ተጨመሩ። የጤና ጥበቃው ሚኒስቴር እንኳ ለሁለት ተከፍሎ ሕክምናው ለአንዱ ወገን፣ የሕዝብ ጤናው ለሌላው ተሰጠ። በሽተኛው ግን አንድ ነው! እኔ እንደሚመስለኝ ይኸ ወንበር ማብዛት እንጂ ሥልጣን ማካፈል አይባልም፤ ደመወዙንም የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። ይህ ሁሉ ክርክር የተካሄደው ደግሞ በሪፍት ቫሊ በቆሎ በሚዘራበት ወራት ነበር። ተፈናቃዩ ገበሬ በድንኳን ተቀምጦ ዝናቡ በባዶ ማሳው ላይ ሲወርድ ያስብ ነበር።

ሁለተኛው ጠብ በቃል ላይ ነው። ስምምነቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመንግሥቱን ሥራ «ያስተባብራል፣ ይቆጣጠራል» ይላል። ጥሩ። ነገር ግን «ይቆጣጠራል» ማለት ያጠፋውን ሚኒስትር ያግዳል ማለት ነው? አንዱ ወገን አዎን አለ፤ ሌላው አይደለም አለ። ከምክትል ፕሬዚዳንቱና ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ይበልጣል በሚለውም ተጣሉ። የካቲት 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ነገሩ ወጣ። ኦዲንጋ ከመንግሥት ጎተራ በተሸጠ በቆሎና በትምህርት ቤት ገንዘብ በተነሣ ወቀሳ የእርሻውን ሚኒስትር ዊሊያም ሩቶንና የትምህርቱን ሚኒስትር ሳም ኦንጌሪን ለሦስት ወር አገድኩ አሉ። ሁለቱ ሚኒስትሮች ጥፋት የለብንም ብለው ነበር። ኪባኪ በዚያው ቀን «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም» ብለው እገዳውን ሻሩት። ሩቶ የኦዲንጋ የራሳቸው ፓርቲ ሰው እንደነበሩ አስተውሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የሆኑትም እሳቸው ናቸው። በቆሎው ግን በወቅቱ ድርቅ የራበው ሰው ሊገዛው የሚገባ እህል ነበር።

ታዲያ ይህ ጥምረት ምንም አልሠራም ማለት ነው? አይደለም። መገዳደሉን አቁሟል፤ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ሕገ መንግሥት አስረቅቆ ሐምሌ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አጽድቆታል። በዚህ ሕግ አገሪቱ 47 የየራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው አካባቢዎች ኖሯት፤ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሥልጣንም የካቲት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ቀረ። ኪባኪ በ2014፣ ኦዲንጋ በ2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ለማታው ክፍል የሚሆን ጥያቄ ይኸውላችሁ። «ያስተባብራል»፣ «ይቆጣጠራል»፣ «ያዛል» የሚሉትን ሦስት ቃላት በሰሌዳ ጻፉና ልዩነታቸውን ተነጋገሩ። ከዚያም የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጥታችሁ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ከነዚህ ቃላት የትኛው እንደተጻፈላቸው አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ።