ስለ ሕክምና ዕዳ፤ እንዴት ሊጠየቅና እንዴት ሊከፈል እንደሚገባ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በሚደርስበት በአያት ሰፈር፣ እንበል፣ አንድ ሰው የታመመ ልጁን ታቅፎ በሌሊት ወደ ክሊኒክ መጣ። ገንዘብ በእጁ አልነበረም፤ ሐኪሙ ግን ፈጥኖ ሕፃኑን አከመ። አባትየውም «ነገ እከፍላለሁ» ብሎ ሄደ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም ወር ሆነ። እርሱም ከኀፍረት የተነሣ በዚያ ደጅ ማለፍን ተወ።

ሐኪሙ አስቀድሞ ማከሙ ግዴታው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለጽኑ ችግረኛ ያለ በቂ ምክንያት ሕክምናን የሚነፍገውን ሐኪም ይቀጣልና። ነገር ግን ማከሙ ግዴታ ስለ ሆነ ዋጋው ቀረ ማለት አይደለም። ያልተከፈለው ገንዘብ የነርሷ ደመወዝና ለሚቀጥለው በሽተኛ የሚገዛው መድኃኒት ነው። ዕዳውን የሚሸሽ ሰው ሐኪሙን ብቻ የጎዳ ይመስለዋል፤ ከእርሱ በኋላ በዚያው ደጅ የሚቆመውን ድኻ ግን ደግሞ ይጎዳል።

እንግዲህ አንተ የክሊኒክ ባለቤት ወይም ሒሳብ ያዥ ብትሆን እንዲህ አድርግ።

አንደኛ፤ ጊዜ ካለ ዋጋውን አስቀድመህ ንገር፤ በሽተኛው ሲሄድም ምርመራው፣ መድኃኒቱና አልጋው ለየብቻው የተጻፈበትን ሒሳብ ስጠው። ሰው ያልገባውን ሒሳብ ይጠራጠራልና።

ሁለተኛ፤ ቀኑ እንዳለፈ ሳትዘገይ በትሕትና አስታውሰው። ዕዳ ሲያረጅ ኀፍረት ይበዛል፤ ኀፍረትም ሰውን ያርቃል። ሕመሙን ግን ለጎረቤቱም ለአሠሪውም አትግለጥ፤ ምሥጢሩ የበሽተኛው ነውና።

ሦስተኛ፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችለው በየወሩ እንደ አቅሙ የሚከፍልበትን ውል በጽሑፍ አድርግለት።

አራተኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ፍርድ ቤት አለ። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1772 ውሉን ያልፈጸመ ሰው አስቀድሞ በማስጠንቀቂያ እንዲጠየቅ ያዛል። በሽተኛውን ስለ ዕዳው ከልክሎ ማስቀረት፣ ሬሳንም መያዝ ከቶ አይገባም፤ ሰው መያዣ ዕቃ አይደለምና።

አንተ ደግሞ ባለ ዕዳ ብትሆን አትሸሽ። ሂድና «ዛሬ ይህን ያህል አለኝ፤ ቀሪውን በዚህ ቀን አመጣለሁ» በል፤ የከፈልህበትንም ደረሰኝ ጠብቅ። ሒሳቡ ስሕተት ቢመስልህ በግልጥ ጠይቅ እንጂ በዝምታ አትቅር። ሳትታመምም ተዘጋጅ። ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች መሞከር የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ዛሬ በአዲስ አበባ አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በምታዋጣው ገንዘብ ቤተ ሰብህ በመንግሥት ጤና ተቋም ይታከማልና ወረዳህን ጠይቅ።

ያ ደግ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ወደ ማደሪያ ባስገባው ጊዜ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ የሚጨመረውንም ወጪ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ምሕረትና ሒሳብ በአንድ ሰው እጅ አብረው ተገኙ።

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ አፍረህ የምትሸሸው ደጅ ነገ ሌሊት ልጅህን ታቅፈህ የምታንኳኳው ደጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይመሽ ሂድ።