በዳስ ውስጥ ደስ ይበላችሁ

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ 8፥9-18፤ ዘዳግም 16፥13-15፤ ዘሌዋውያን 23፥42-43



ህዳር ገባ። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለፍንበትን ሙቀት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ጄሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ ሲመስል አይታችኋል። ጸሎታችን እንኳ በሙቀቱ ያጥር ነበር። አሁን ነፋሱ ዞሮ ከባህር በኩል ይመጣል፤ ሌሊት የሚደረብ ነገር መፈለግ ጀምረናል። በአገር ቤት ህዳር ማለት ጤፍ የሚታጨድበት፣ እሸት የሚበላበት፣ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጥሎ «ህዳር ሲታጠን» የሚልበት ወር ነው። እዚህ የሚታጨድ እህል የለንም። ያለን ይሄ ነፋስ ነው፤ እሱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው።

የዛሬው ጥናታችን ስለ ትንንሽ ደስታ ነው። ስለ መውጣት፣ ስለ መራመድ፣ ባህር ዳር ስለ መቀመጥ። አንዳንዶቻችሁ «ወንጌላዊ፣ ይሄ ደግሞ ይሰበካል እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካለ ይሰበካል።

ከእኛ መካከል ለሐኪም ቤት፣ ለወረቀት፣ ለቃለ መጠይቅ ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚወርድ ብዙ ነው። ከአሊ አዴ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን እንደርሳለን። ጉዳያችንን ጨርሰን የሰው ቤት እንገባለን፤ መኪና እስክናገኝ ድረስ ግድግዳ እያየን እንቀመጣለን። ባህሩ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ግን አንሄድም። አንዲት እህት «ልጅሽን ባህር አሳየሻት ወይ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው፣ ካምፕ ውስጥ ነው የተወለደችው። ባህር ባለበት አገር ተወልዳ ባህር ነክታ አታውቅም። እናትየዋ «እኛ የምንዝናናው ስንደርስ ነው» አለችኝ። ስንደርስ ያለችው ካናዳን ነው። ኬዙ ከተከፈተ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እናንተም የራሳችሁን ቁጠሩ። ሌላ ወንድም ደግሞ «እናቴ ጦርነት ውስጥ ሆና እኔ ባህር ዳር ተቀምጬ ሻይ ልጠጣ?» አለኝ። ይሄ የሚሳቅበት ጥያቄ አይደለም። ሁላችንም ልብ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ነህምያ 8ን ክፈቱ። እነዚህ ሰዎች ከምርኮ የተመለሱ ናቸው። የከተማው ቅጥር ተሠርቶ ካለቀ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ በ6፥15 ላይ ያለውን ቀን ከ8፥2 ጋር አስተያዩት። ምዕራፍ 7 ቁጥር 4 ላይ ደግሞ ከተማው ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት፣ ቤቶቹም ገና ያልተሠሩ እንደነበሩ ተጽፏል። ቤት የላቸውም ማለት ነው! ንጉሡም የራሳቸው አይደለም፣ የፋርስ ንጉሥ ነው የሚገዛቸው። ሕጉ ሲነበብላቸው ሁሉም አለቀሱ። ማልቀሳቸው ምን ይገርማል? የሚገርመው ነህምያና ዕዝራ የመለሱላቸው ነው። አታልቅሱ፣ ሂዱና የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጀ ሰው ድርሻውን ላኩ አሏቸው። «ቤታችሁ ተሠርቶ ሲያልቅ ትደሰታላችሁ» አላሏቸውም። ቀኑ ዛሬ ነው አሉ።

በማግስቱ ደግሞ ስለ ዳስ በዓል የተጻፈውን አገኙ። ወደ ተራራ ወጥተው የወይራ፣ የባርሰነት፣ የዘንባባ ቅርንጫፍ እንዲያመጡ ታዘዙ። እስቲ አስቡት፤ አባት፣ እናት፣ ልጆች ተሰብስበው ተራራ ወጡ፣ ቅጠል ቆረጡ፣ ተሸክመው ወረዱ፣ በየሰገነቱና በየግቢው ዳስ ሠሩ። ይሄ እኮ ሽርሽር ነው! በመከር መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን ከቤት ያስወጣበት ነው። ከኢያሱ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ተደርጎ አያውቅም ይላል፤ ደስታውም እጅግ ታላቅ ነበረ።

ዳስ የሚለውን ቃል እኛ ሐበሾች በደንብ እናውቀዋለን። በአገራችን ዳስ ለሁለት ነገር ይጣላል፣ ለሰርግና ለለቅሶ። እንጨቱ ያው ነው፣ ሸራው ያው ነው፣ ወንበሩ ከዕድር የሚመጣው ያው ነው። የሚለየው ውስጡ ያለው ሰው ነው። እኛ ካምፕ ስንገባ የተሰጠንን ይሄን የእንጨትና የሸራ ቤት የለቅሶ ዳስ አድርገን ነው የያዝነው። ለቅሶው ደግሞ ሳልስት የለውም፣ አርባ የለውም፤ ዓመት አልፎ ዓመት ይመጣል።

ዘሌዋውያን 23 ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ሲያወጣ በዳስ አሳደራቸው። በኋላ የድንጋይ ቤት ሠርተው፣ እርሻ ይዘው ሲደላደሉ፣ በየዓመቱ ሰባት ቀን ከቤታቸው ወጥተው ዳስ ውስጥ እንዲቀመጡ አዘዘ። ለምን? ልጆቻቸው እንዲያውቁት ነው። አያችሁ፣ ጥሩ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ትቶ የእናንተን ዓይነት ቤት ውስጥ ገብቶ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግን ነው የታዘዘው። ዘዳግም 16 ላይ ደግሞ በዚህ በዓል የሚደሰተው ማን እንደሆነ በዝርዝር ተቀምጧል፤ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ ሠራተኛው፣ ሌዋዊው፣ አባት የሌለው ልጅ፣ ባል የሞተባት ሴት፣ መጻተኛውም። መጻተኛ ማለት እኛ ነን። ትእዛዙ መጀመሪያ ለባለ እርሻው ነው፣ መጻተኛውን ከደስታህ አታስቀረው ነው የሚለው። ግን ስማችን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከገባ በኋላ ተነሥተን ራሳችን ልንሰርዘው አንችልም።

ለዚያ ወንድም ጥያቄ መልስ የሚሆነው ምዕራፍ 9 ላይ አለ። በዓሉ የሚያልቀው በወሩ በ22ኛው ቀን ነው። በ24ኛው ቀን እነዚያው ሰዎች ማቅ ለብሰው፣ ትቢያ ነስንሰው ጾሙ፤ እስከ ዛሬ ባሪያዎች ነን፣ ምድራችንም ለሌላ ነገሥታት ይገብራል ብለው ጸለዩ። በሁለት ቀን ውስጥ! ባለፈው ሳምንት ስለተደሰቱ የዛሬው ልቅሷቸው ውሸት አልሆነም። ስለ እናትህ በጾም ስንጸልይ አንተም ከእኛ ጋር ጹም፤ አርብ ማታ ደግሞ ነፋሱን ተቀበል። እናትህን ብትጠይቃት ግድግዳ እያየህ እንድትቀመጥ የምትፈልግ ይመስልሃል?

አሁን ወደ ከተማው ልውረድ። ገንዘብ የሌለው ሰው በህዳር ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ምን ያገኛል?

አርብ እዚህ አገር የሥራ ዕረፍት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ፣ ከተማው ወደ ሲየስታ ባህር ዳርቻ ይወጣል። ባህሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ መሬቱ ሜዳ ይሆናል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እናቶች ምንጣፍ አንጥፈው ፍላስክ ይከፍታሉ። የሚከፈል ነገር የለም። 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ፀሐይ ከጀርባ በከተማው በኩል ትጠልቃለች፣ ውሃው ቀለሙን ይለውጣል። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ እኛም ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ማንም «ኬዝህ ምን ደረሰ?» አይልህም።

ምኒልክ አደባባይም አለ። መንግሥት ነጻነት በተገኘበት ቀን ሰኔ 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) ብሎ ቢሰይመውም ሕዝቡ ዛሬም ምኒልክ ነው የሚለው። ካፌው ውድ ነው፣ አትቀመጡ። በነጩ ሕንፃ ቅስት ሥር መራመድ ግን በነጻ ነው። ወደ ሐሙዲ መስጊድ በኩል ያለው ገበያ ስትገቡ ደግሞ የድሬዳዋ አትክልት ሽታ ያገኛችኋል፤ ቲማቲሙም ሽንኩርቱም ብርቱካኑም ከእኛ አገር ነው የሚመጣው። በዚያ ሽታ እንባ የመጣበት ሰው አውቃለሁ፤ ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው። ፈረንሳዮች ትተውት የሄዱት ረጅሙ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ አንዱን ገዝታችሁ ቤት ሳትደርሱ ብትጨርሱት እግዚአብሔር አይቆጣም።

ትንሽ ገንዘብ ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ የየመኖቹ አሣ አለ። ለሁለት ሰንጥቀው፣ ቅመም ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠብሱትና በሰፊ ቂጣ ያቀርቡታል። አንዱን ለሦስት ለአራት ሰው መካፈል ይቻላል። ዮሐንስ 21 ላይ ጌታ ከሞት ተነሥቶ ምን እንዳደረገ አስታውሱ። ከሰል አያይዞ፣ አሣ ጠብሶ፣ እንጀራ አዘጋጅቶ ሌሊቱን ሙሉ ለፍተው ባዶ እጃቸውን ያደሩትን ሰዎች ለቁርስ ጠራቸው። ከጴጥሮስ ጋር ከባድ ንግግር ነበረው፤ ንግግሩ የመጣው ግን ከቁርሱ በኋላ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ቀና በሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ንስሮች ከዓረብ አገር ተነሥተው ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ወደ አፍሪካ ይገባሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ ተቀምጠው ቆጥረዋቸው፣ በአንድ መከር ከ240,000 በላይ ንስርና ጭልፊት ነው የመዘገቡት። እግዚአብሔር ኢዮብን፣ ጭልፊት ወደ ደቡብ ክንፉን የሚዘረጋው በአንተ ጥበብ ነው ወይ ብሎ የጠየቀው (39፥26) ይሄን ነው። የእኛ ልጆች ከኦቦክ በጀልባ ወደዚያ ይሻገራሉ፣ ንስሩ ደግሞ ከዚያ ወደዚህ ይመጣል። ከዚህ ምንም ትምህርት አላወጣም፤ እዩት ብቻ ነው የምለው።

ደስታ ስል ሁሉንም ማለቴ ግን አይደለም። ጫቱ በየቀኑ ከሰዓት ሲገባ ከተማው ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛ የልጁን እራት ይዞ ይሄዳል። እኔ ያንን ከደስታ አልቆጥረውም። በብድር መዝናናትም አይሆንም። ህዳር ራሱም ሁልጊዜ ቸር አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር የጣለው ዝናብ ከተማውን አጥለቅልቆ ሰው ገድሏል፣ ብዙ ቤት አፍርሷል። ቅዝቃዜው ሲመጣ ትንኝም ይመጣል፣ ወባም አብሮ፤ ማታ ልጆችን አልብሷቸው፣ አጎበር ተጠቀሙ።

ስለ ኤርምያስም ልጨምር፣ ለእኛ የሚያስፈልግ ነውና። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ ባቢሎን ያሉት ስደተኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ አለ (ምዕራፍ 28)። ሰው ወደደው። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት ነው፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውን ብሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ (ምዕራፍ 29)። በእኛም መካከል «በሦስት ወር ትበራላችሁ» እያለ ትንቢት የሚናገር፣ ከዚያም ስጦታ የሚቀበል አይጠፋም። የሐናንያ ትንቢት የሚጎዳው ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሰማው ሰው አትክልት አይተክልም። ለሁለት ዓመት ብሎ ማን ይተክላል? ልጁም ያለ ፍሬ ያድጋል። በረራችሁ እንዲመጣ እኔም እጸልያለሁ፤ ነገ ቢመጣ ሻንጣ ተሸክሜ እሸኛችኋለሁ። እስከዚያ ግን ልጆቻችሁ የሚያድጉት እዚህ ነው።

በቤት ለቤት ኅብረት ስትገናኙ በእነዚህ ላይ ተነጋገሩ። ነህምያ ምንም ላላዘጋጀ ሰው ድርሻ ላኩ ሲል፣ በእናንተ ብሎክ ውስጥ ያ ሰው ማን ነው? ከአልጋ የማይነሣ፣ ብቻውን የሚያመሽ አለ ወይ? በዚህ ወር ልጆቻችሁን ከቤት አውጥታችሁ የት ወሰዳችኋቸው? ከተማ መሄድ የማይችል ሰው ማታ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ቡና አፍልቶ ጎረቤቱን ቢጠራስ፣ የዳስ በዓል ሊሆን አይችልም? የማትስማሙበት ካለ ተከራከሩ፣ እኔም እመጣለሁ።

በህዳር ውስጥ ለቀጠሮ ወደ ከተማ የምትወርዱ ልጆች ያላችሁ ቤተሰቦች ለሽማግሌዎች አስቀድማችሁ ንገሩ። ከተማ ያሉት ወንድሞችና እህቶች አርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ሲየስታ አብረዋችሁ ለመሄድ ፈቃደኞች ናቸው። የስደተኛ መታወቂያችሁን ሳትይዙ አትውጡ። ትንንሾቹን ብቻቸውን ወደ ውሃ አትልቀቁ፤ የተመለሰው ባህር ተመልሶ ይመጣል፣ ጭቃውም እግር ይይዛል። የምትችሉ ፍላስክ ሻይና ዳቦ ያዙ፣ የማትችሉ ባዶ እጃችሁን ኑ። ለልጆቹ ቅያሪ ልብስና የሚጠጣ ውሃ አትርሱ፤ ጨዋማው ውሃ ሲደርቅ ገላ ያሳክካል።