የሂሳብ ሶፍትዌሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ነጋዴ የካዝናውን ቁልፍ ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። የሂሳብ ሶፍትዌሩን የይለፍ ቃል ግን ሽያጭ ሠራተኛው፣ ገንዘብ ያዡና ስቶር ኪፐሩ በጋራ ሲጠቀሙበት ዝም ብሎ የሚያይ ብዙ ነው። ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የእንግሊዙ ባሪንግስ ባንክ አወዳደቅ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ባሪንግስ እ.ኤ.አ. በ1762 የተመሠረተ አንጋፋ ባንክ ነበር። በሲንጋፖር ቅርንጫፉ ኒክ ሊሰን የተባለ ሠራተኛ የመገበያየቱንም ሆነ ግብይቱን መዝግቦ ሂሳብ የማወራረዱን ሥራ በአንድ እጁ ይዞ ነበር። በ1992 ቁጥሩ 88888 የሆነ ሂሳብ ከፈተ። የኮምፒዩተር ባለሙያም ሶፍትዌሩን ለውጦ ሂሳቡ ወደ ለንደን ከሚላኩት ከአብዛኞቹ ሪፖርቶች እንዲወጣ አደረገ። በ1994 የውስጥ ኦዲተሮች ሁለቱ ሥራዎች እንዲለያዩ ቢያሳስቡም ሰሚ አላገኙም። በፌብሩዋሪ 1995 ጉዱ ሲወጣ ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ባንኩ ወደቀ፤ የሆላንዱ አይኤንጂ ዕዳውን ተረክቦ በ1 ፓውንድ ገዛው።

ትምህርቱ ለአስመጪውም ለባለሱቁም ያገለግላል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ መዝጋቢ፣ ራሱ ተቆጣጣሪ መሆን የለበትም። ለዚህም የሚከተሉት አራት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይኑረው።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱ በሥራው ልክ ይሁን። ሽያጭ ሠራተኛው ደረሰኝ ይቁረጥ እንጂ ዋጋ አይለውጥ፤ ገንዘብ ያዡ ገቢ ይመዝግብ እንጂ የባንክ ማስታረቂያ አይሥራ፤ ስቶር ኪፐሩ ገቢና ወጪ ዕቃ ይመዝግብ እንጂ የቆጠራ ጉድለት አያስተካክል።

ሦስተኛ፣ ለሌሎች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በየዕለቱ ሂሳብ በሚያስገባው ሰው እጅ አይሁን።

አራተኛ፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ።

ሁለት ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው ድርጅት ሥራውን ይህን ያህል መከፋፈል አይችል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር፤ የተሰረዙና የተለወጡ ምዝገባዎችንም በየሳምንቱ ይመልከት።

“ዘመዴ ነው፣ አምነዋለሁ” የሚሉ ባለቤቶች አሉ። ይሁንና ፈቃድ መለየት ሠራተኛን መጠርጠር አይደለም። የይለፍ ቃሉ የጋራ በሆነበት ቤት ገንዘብ ሲጎድል ሁሉም ተጠርጣሪ ይሆናል፤ መግቢያው ሲለይ ግን ንጹሑ ሠራተኛ ከሐሜት ይድናል።