ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንም ፎልደሩ አለ፦ ፋይልን በቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለ መጋራት

በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠን የትምህርት ቪዲዮ ወይም ፊልም ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ለማየት ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ እየገለበጡ መመላለስ አያስፈልግም። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሩተር ከተገናኙ ኮዲን ወይም ቪኤልሲን የመሰለ ሶፍትዌር ፎልደሩን በቀጥታ ሊያነብ ይችላል። መረጃው የሚመላለሰው በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይስተጓጎልም፤ ከተገዛው የኢንተርኔት ጥቅልም አይቀንስም። ሆኖም ብዙ ሰዎች ሶፍትዌሩን ከፍተው የኮምፒዩተሮቹን ዝርዝር ሲመለከቱ ባዶ ሆኖ ያገኙታል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያትና ትክክለኛውን መፍትሔ እንመለከታለን።

ኤስኤምቢ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት የደንብ ስብስብ ፕሮቶኮል ይባላል። ፋይል ለመጋራት በስፋት የሚያገለግለው ኤስኤምቢ የተሰኘው ፕሮቶኮል በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአይቢኤም ኩባንያ በባሪ ፋይገንባም ተነደፈ። ማይክሮሶፍትም አሻሽሎ የዊንዶውስ አካል አደረገው። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል ደግሞ ከ1991 መጨረሻ ጀምሮ በኔትወርክ ላይ የሚተላለፉትን መልእክቶች እየመረመረ፣ ዛሬ ሳምባ ለሚባለው ሶፍትዌር መሠረት ጣለ። ሊነክስና ዊንዶውስ ፋይል መጋራት የቻሉት በዚህ ሥራ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አንድ እንግዳ ወደማያውቀው ግቢ ሲሄድ በቅድሚያ ቤቱን ማግኘት አለበት፤ በር ላይ ማንነቱን ይጠየቃል፤ ከገባም በኋላ ሁሉም ክፍል አይከፈትለትም። ፎልደር መክፈትም እንዲሁ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያልፋል፦ ኮምፒዩተሩ የት ነው? የሚጠይቀው ማን ነው? ምን ተፈቅዶለታል? የዝርዝሩ ባዶ መሆን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ይመለከታል። ፎልደሩ አልተጋራም ማለት አይደለም።

ዝርዝሩ ለምን ባዶ ሆነ?

የቀድሞው የኮምፒዩተሮች ዝርዝር ከኤስኤምቢ የመጀመሪያ ስሪት ጋር የተቆራኘ ነበር። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዚህ ስሪት የዊንዶውስ አሠራር ላይ የነበረን ክፍተት ተጠቅሞ በብዙ አገሮች ተዛመተ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው በመጋቢት ነበር፤ የተጠቁት በአብዛኛው ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒዩተሮች ናቸው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ አሮጌው ስሪት በአዲስ ጭነት ላይ ተካቶ መምጣቱ ቀረ። ዝርዝሩም አብሮት ጠፋ።

ዝርዝሩን ለመመለስ ሲሉ አሮጌውን ስሪት እንደገና ማብራት የተለመደ ምክር ነው። ይህ ግን ጠፋ የተባለውን ቁልፍ ከመፈለግ ይልቅ በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስሪት ዝርዝር ባይኖርም በአድራሻ በቀጥታ ይሠራሉ።

አሠራሩ

1. በኮምፒዩተሩ ላይ ፎልደሩን ያጋሩ፤ የተጋራበትንም ስም ይመዝግቡ። ለማየት ብቻ ከሆነ የማንበብ ፈቃድ ይበቃል። ዊንዶውስ የማጋሪያውንና የዲስኩን ፈቃድ ለየብቻ ስለሚመረምር ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው።
2. የይለፍ ቃል ያለው የተጠቃሚ መለያ ይፍጠሩ። የይለፍ ቃል የሌለው መለያ በዊንዶውስ መደበኛ ቅንብር በኔትወርክ በኩል አይገባም። ኮምፒዩተሩን ለመክፈት የሚያገለግለው አጭር የፒን ቁጥርም የይለፍ ቃልን አይተካም።
3. የኮምፒዩተሩን አይፒ አድራሻ ይወቁ፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። አድራሻው እንዳይለዋወጥ በሩተሩ ላይ ያስይዙት።
4. በኮዲ የቪዲዮ ምንጭ ሲጨምሩ፣ ከዝርዝሩ ከመፈለግ ይልቅ የኔትወርክ ቦታ ለመጨመር የሚያስችለውን ምርጫ ይክፈቱ። ከዚያም ኤስኤምቢን መርጠው አድራሻውን፣ የፎልደሩን ስም፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን ያስገቡ።

ካልተሳካ በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ያንኑ አድራሻ ከሌላ ኮምፒዩተር ይሞክሩ። ከዚያም ካልተከፈተ ጥፋቱን በቅድሚያ በሚያጋራው ኮምፒዩተር ወይም በፋየርዎሉ ላይ ይፈልጉ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አድራሻው ትክክል ነው፤ የቀረው የማንነትና የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ፍጥነቱ ይበቃል?

የፋይል መጠን በባይት፣ የኔትወርክ ፍጥነት ግን በቢት ይለካል፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። 9 ጊጋባይት የሆነ የ2 ሰዓት ፊልም 72 ጊጋቢት ይሆናል። ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል በአማካይ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ይደርሳል። 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ገመድ ይህን በቀላሉ ይሸከማል። ዋይፋይ ግን በግድግዳና በርቀት ስለሚዳከም ፊልሙ ሊቆራረጥ ይችላል።

መልመጃ፦ ፊልሙ 27 ጊጋባይት፣ በሳሎኑ የሚገኘው የዋይፋይ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ቢሆን ፊልሙ ሳይቆራረጥ ይታያል? ካልታየ፣ ከሦስቱ ጥያቄዎች በአንዱ ምክንያት ነው ወይስ ከእነርሱ ውጭ በሆነ ምክንያት?